ሦስተኛው ፍላይት የማን ነው

ለቅሷችንን ያልደረሰ ሰው አልነበረም፤ ኢንጂነር ዓባይነህ ብቻ ቀረ።

ሰበታ ውስጥ ለቅሶ መቅረት ቀላል ነገር አይደለም። የታመመ ሰው ልጁን ይልካል፣ መንገድ ላይ ያለ ይደውላል፣ የተኳረፈ እንኳ ድንኳኑ ጫፍ ላይ ትንሽ አቀርቅሮ ቆሞ ይመለሳል። ዓባይነህ ባለቤቴ ሞቲ የሞተበትን ሕንፃ ፕላን የሠራ፣ ግንባታውንም የሚቆጣጠር ሰው ነው። ከሞቲ ጋር ሳይት ላይ ከአንድ ሳህን ሲበሉ ነው የኖሩት። ግን አልመጣም፣ አልደወለም፤ ስደውልለትም አያነሳም። እኔ ሬሳው ከቤት ሳይወጣ ጀምሮ በሩን እያየሁ ነበር። አለቅሳለሁ፤ እያለቀስኩም ማን እንደመጣ፣ ማን ዓይኔን ሸሽቶ እንደተቀመጠ ልብ እላለሁ። ሐዘንተኛ ሌላ ነገር የማያይ የሚመስለው ሰው ሐዘን አያውቅም።

ሞቲ የካሳፎርማ አናጢ ነበር። አርማታ ከመሞላቱ በፊት ቅርጹን በጣውላ የሚሠራው እሱ ነው። ከሥራው ሁሉ የሚወደው ደግሞ ደረጃ ነበር። የሞተውም ከደረጃ ወድቆ ነው፤ ቡራዩ፣ ኦቦ ዱባለ በሚያሠሩት ሕንፃ ላይ። አመሻሽ ላይ ከአንደኛ ፎቅ ሲወርድ እግሩ ከዳው። መደገፊያ ብረቱ ገና አልተገጠመም ነበርና በደረጃው መሃል ባለው ክፍት ቦታ እስከ ታች ወደቀ። ቀድሞ የደረሰለት ሊቤ ነው፤ አብሮት የሚሠራ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ያልተለየው ጓደኛው።

ወሬው ሬሳውን ቀድሞ ሰበታ ገባ። አንዳንዱ፣ ሞቲ ለአጎቱ ለቅሶ ተጂ ከተማ ሰንብቶ ሲመለስ ጠጥቶ ነበር አለ። ይሄ ብዙ አልቆየም፤ ሞቲ እንደማይጠጣ ሰፈሩ ያውቃል። ሌላው ወሬ ግን ተጣበቀብን። ደረጃውን ያበላሸው ራሱ ነው፣ በገዛ ሥራው ነው የሞተው ተባለ።

አማቴ አዴ በቀለች ይህን የሰሙት ከሰልስቱ በኋላ ነው። ጎረቤቶች ሲወጡ ጠብቀው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

“ሄመን፣ ልጄን የገደለውን ነገር ራሱ ነው በእጁ የሠራው?”

“አላውቅም እናቴ” አልኳቸው።

“ኮምፒውተር ላይ ደረጃ ትሠሪ የለም እንዴ? እወቂዋ።”

ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ጠዋት ስነሳ ግን ያዩኛል፤ ማታ ከሥራ ስገባ ያዩኛል። የሚቀርብላቸውን ምግብ ነካ አድርገው ይተዉታል።

ቀኑም እየደረሰ ነበር። ኦቦ ያደታና ሌሎቹ ሽማግሌዎች፣ በአርባው ቀን ሰው በተሰበሰበበት፣ በዚህ ሞት የማንም እጅ የለበትም፣ የሟቹ ሥራና የሟቹ እግር ነው ብለው መርቀው ሊዘጉት ተስማምተዋል። ይህን የለመኑት ኦቦ ዱባለ ናቸው። የሞተበት ነገር ሳይለይ ሕንፃው ላይ አንወጣም ብለው ሠራተኞቹ ሥራ አቁመውባቸዋል። ሽማግሌ መርቆ የዘጋውን ነገር እኛ ዘንድ መልሶ የሚከፍት የለም። ከዚያ ወዲያ ሞቲ ለዘላለም ደረጃ አበላሽቶ የሞተ አናጢ ነው፤ አዴ በቀለችም ያንን ይዘው ወደ መቃብራቸው ይወርዳሉ።

እውነት ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ደረጃ እሠራለሁ። የምሠራው ጅማ መንገድ ዳር ባለች ፕላን ማተሚያ ቤት ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ የተማርኩት አይደለም። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ፣ እየሠራሁ እያፈረስኩ የለመድኩት ነው። መጀመሪያ ግድግዳ፣ ከዚያ ጣሪያ፤ ደረጃ ግን ብዙ አስለቅሶኛል፤ በተለይ እየዞረ የሚወጣው። ከአንዱ ማረፊያ እስከሚቀጥለው ማረፊያ ያለውን ቁራጭ ፍላይት እንለዋለን። አንድ ፍላይት ማንም ይሠራል። ሁለትና ሦስት ሲሆን ማረፊያው ከፍ ይላል ዝቅ ይላል፣ የመጨረሻው ፍላይት ወለሉ ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ሞቲ ከኋላዬ ቆሞ ይስቅብኝ ነበር።

“ያንቺ ደረጃ ሚስማር አይበላ፣ ጣውላ አይፈጅ። እንዲህማ እኔም መሐንዲስ ነኝ።”

“ሳበላሽ ግን ወደ ኋላ የሚመልስልኝ ኮንትሮል ዜድ አለኝ” እለው ነበር። “አንተ ምን አለህ?”

አሁን ያቺን ቀልድ ሳስታውስ አፌን መያዝ ያምረኛል።

የቡራዩው ፕላን እኛ ማተሚያ ቤት ስለታተመ ፋይሉ ኮምፒውተራችን ላይ ነበር። ወደ ሥራ በተመለስኩበት ቀን ከፈትኩት። ደረጃው ከምድር እስከ አንደኛ ፎቅ በሦስት ፍላይት ይዞራል። ምድር ቤቱ ለሱቅ ስለሆነ ከፍ ያለ ነው፤ ሁለት ፍላይት አይበቃውም። አንድ በአንድ አየሁት፤ መርገጫዎቹ ሁሉ ከፍታቸው እኩል ነው። ስህተት አጣሁበት። ስህተት ሳጣበት ደግሞ ይበልጥ ጠረጠርኩ። ዓባይነህ ለኛ ያሳተመው ሌላ፣ ሳይት ላይ ያሠራው ሌላ ቢሆንስ? ካልሆነ ለምን ይደበቃል?

ሊቤን ጠየቅሁት። ሊቤ በዚያ ሰሞን ከቤታችን አልጠፋም። ድንኳን የተከለ እሱ፣ መቃብር የቆፈረ እሱ፣ ውሃ የሚቀዳልን እሱ ነው። ደረጃውን ማን እንደሠራው ስጠይቀው ወዲያው ነው የመለሰልኝ።

“ሞቲ ነዋ። ሞቲ ደረጃ ለሰው ሰጥቶ ያውቃል?”

ይሄ እውነት ነው፤ ሞቲ ደረጃ ለሰው አይሰጥም። ቀጥሎ ግን ሊቤ፣ ወደ ሳይቱ እንዳልሄድ፣ ሐዘን ላይ ያለች ሴት እዚያ ምንም ሥራ እንደሌላት ነገረኝ። ለኔ አስቦ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ነገሩ ግን ከልቤ አልወጣም።

በማግስቱ ቡራዩ ሄድኩ። ዘበኛው ሊያስገባኝ አልፈለገም። ባሌ የወደቀበት ቦታ ላይ ማልቀስ እፈልጋለሁ አልኩት። ይህን የሚከለክል ሰው የለም፤ ፊቱን አዙሮ በሩን ከፈተልኝ። ገብቼ አለቀስኩ። ነጠላዬ ውስጥ ደግሞ የሞቲን ሜትር ይዤ ነበር። ማልቀሴም እውነት ነው፣ መለካቴም እውነት ነው። መርገጫውን አንድ በአንድ፣ ማረፊያውን፣ ከላይኛው ሶሌታ፣ ከፎቁ ወለል አርማታ ማለት ነው፣ እስከ ምድር ያለውን ሁሉ ለክቼ ስልኬ ላይ ያዝኩ። ስወጣ ዘበኛውን ሞቲ ያን ቀን በየት እንደወጣ ጠየቅሁት። ከተጂ እንደመጣ ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ፣ አርማታ ተሸካሚዎች በሚወጡበት በውጪው የአጣና መወጣጫ ወደ ላይ እንደሄደ ነገረኝ። ሲወርድ ብቻ ነው በደረጃው የመጣው።

ያን ሁሉ ይዤ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩ። የሠራሁት የተሣለውን አልነበረም፤ የተገነባውን ነበር።

ፕሮግራሙ እምቢ አለኝ። ደረጃ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ትነግረዋለህ፣ እሱ ለመርገጫዎቹ እኩል ያካፍለዋል። በአንድ ደረጃ ውስጥ አንዱን መርገጫ ከሌላው ላስበልጥ ብትለው አይሰማህም። መጀመሪያ የለካሁት ተሳስቷል ብዬ ራሴን ተጠራጠርኩ። ደግሜ አስገባሁ። ከታች ጀምሬ ስሠራው አናቱ ከሶሌታው በታች ይቀራል፤ ከላይ ስጀምረው እግሩ መሬት ውስጥ ይገባል። በመጨረሻ ሌላ መንገድ ፈለግሁ። ሦስቱን ፍላይት እንደ አንድ ደረጃ ሳይሆን እንደ ሦስት የተለያዩ ደረጃዎች ለየብቻ ሠርቼ አጠገብ ለአጠገብ ገጠምኳቸው። ያኔ እሺ አለ።

ያኔም ታየኝ። አንደኛውና ሁለተኛው ፍላይት ከፕላኑ ጋር አንድ ናቸው፤ መርገጫቸው የወረቀት ያህል እንኳ አይለያይም። እንዲህ የሚሠራውን እጅ አውቀዋለሁ፤ ከሱ ጋር ነው የኖርኩት። ሦስተኛው ግን እያንዳንዱ መርገጫ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይላል። ሶሌታው በፕላኑ ላይ ካለው ወደ ላይ ከፍ ተደርጓል፤ የተጨመረውን ቁመት በሙሉ የዋጠው ይሄ ሦስተኛው ፍላይት ነው። ሁለት ጣት ለዓይን ምንም አይደለም። ለእግር ግን ብዙ ነው። የታችኞቹን ሁለት ፍላይቶች ልክ ለምዶ ሳያይ የሚወርድ ሰው፣ እግሩ መርገጫ ያለበት ቦታ ላይ ባዶ አየር ያገኛል።

ሞቲ ከታች የሠራውን እያወቀ ከላይ እንዲህ አያደርግም። ወይ ያፈርሰዋል፣ ወይ ተጣልቶ ይወጣል። አንድ ሰው አዞታል ማለት ነው፤ ያ ሰው ዓባይነህ ነው አልኩ። አዞት፣ ሲሞትበት ፈርቶ ተደበቀ። እንዲህ ብዬ ስደመድም ደስ ሊለኝ ሁሉ ምንም አልቀረውም ነበር።

ዓባይነህ ሱሉልታ ሌላ ሳይት እንደያዘ ከማተሚያ ቤቱ ደንበኞች ሰማሁ። ከአርባው በፊት ያለውን ሐሙስ አስፈቅጄ ሄድኩ። ሱሉልታ ብርዱ አጥንት ይገባል። ዓባይነህ ከብሎኬት ክምር አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ሲያየኝ ቆቡን አወለቀ። እግዚአብሔር ያጥናሽ አለኝ፤ ግን አልተጠጋኝም፤ ለሰላምታም እጁን አልዘረጋም። ይሄንንም ልብ አልኩ።

ያየሁትን ነገርኩት። አልካደም። ሶሌታው ከፍ መደረጉን ያወቀው አርማታው ከተሞላ በኋላ መሆኑን፣ ኦቦ ዱባለ ሱቆቹ ውስጥ ቆጥ እንዲሠራላቸው ፈልገው በራሳቸው ያስደረጉት መሆኑን ነገረኝ። ሦስተኛው ፍላይት ይፍረስ ሲላቸው፣ ሞቲ ከተጂ ሲመለስ ያስተካክለዋል ብለው እንደመለሱለትም ነገረኝ። ከዚያ ቆቡን በእጁ ያገላብጥ ጀመር።

“አንድ ጣውላ ምታና መውረጃውን ዝጋ ብል፣ ወይ እኔ ራሴ ብዘጋው፣ ሞቲ አይሞትም ነበር” አለ። “ስለዚህ እጄ አለበት።”

“ሞቲ ተጂ እያለ ነው የተሞላው?”

“አዎ።”

“ታዲያ ካሳፎርማውን ማን ሠራው?”

“ሊቤ ነዋ። ሌላ ማን አለ?”

ሊቤ ያለኝ ሌላ ነው። ግን ዓባይነህንም አላመንኩትም። የተደበቀ ሰው በቦታው በሌለ ሰው ላይ ማላከክ አያቅተውም።

“ለቅሶ ለምን አልመጣህም?” አልኩት። “እሱን ንገረኝ መጀመሪያ።”

ግራ ገባው። ያልገባኝ ነገር መኖሩ የገባው ያኔ ይመስለኛል።

“እንዴት እመጣለሁ? በሟቹ ሞት እጁ ያለበት ሰው ሽማግሌ ሳይጠራው ደጁን አይረግጥም፣ ንቀት ነው፣ የሟች ወንድሞች ይነሱብሃል አለኝ። ስልክም እንዳታነሳ አለኝ። እኔ ጎጃም ነው ያደግኩት፣ የናንተን ወግ በምን አውቃለሁ? ሽማግሌ ይልካሉ እያልኩ ስጠብቅ ነው የከረምኩት።”

“ማነው እንዲህ ያለህ?”

“ሊቤ። ሞቲ የሞተ ዕለት ደውሎ።”

ወጉ እውነት ነው። እኛ ዘንድ በደም እጁ ያለበት ሰው፣ ሳያስበው ያደረሰው እንኳ ቢሆን፣ የጉማ ሽማግሌዎች ገብተው እስኪያስታርቁ ድረስ ከሟች ቤት ይርቃል። ሊቤ ወጉን አላጣመመም። ወጉን በትክክል ነግሮ፣ መራቅ ያለበትን ሰው ነው የቀየረው። ዓባይነህ ደግሞ የባዕድ ወግ ላክብር ብሎ፣ በማክበሩ ወንጀለኛ ሆኖብን ከረመ። ሊቤ ግን ድንኳናችንን ተክሎ፣ መቃብሩን ቆፍሮ፣ ንፍሯችንን በላ።

ወደ ቤት ስመለስ ሊቤ ግቢያችን ውስጥ ለአርባው እንጨት እየፈለጠ ነበር። አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልሽ አለኝ። ደህና አልኩት። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነን ቆየን። ያቀረበልኝን ወንበር እቀመጣለሁ፤ የቀዳውን ውሃ ግን አልጠጣም። እጆቹን አያለሁ። እንደዚያ ያሉ እጆች እንዴት ረጋ ብለው እንጨት ይፈልጣሉ እላለሁ። ለአዴ በቀለች አልነገርኳቸውም። ካልተሳሳትኩ ሁሉም ሰው ፊት ይስማ፤ ከተሳሳትኩ ደግሞ እሳቸውን ሁለተኛ ልጅ ላሳጣቸው አልፈልግም ነበር። ሊቤንም ልጄ ነው የሚሉት።

በአርባው ቀን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ሰው በላ። ኦቦ ዱባለ በግ ልከው ራሳቸው አልመጡም። ሊቤ ጆግና መታጠቢያ ይዞ ሰው እያስታጠበ ይዞራል። ኦቦ ያደታ ተነሱና በኦሮምኛም በአማርኛም ስለ ሞቲ ተናገሩ፤ ታታሪነቱን፣ ደግነቱን። ቀጥለው የማንም እጅ የለበትም ወደምትለው ቃል ሲደርሱ ተነሳሁ። ሽማግሌ ሲናገር ሴት አቋርጣ አትነሳም፤ ጉርምርምታ ሆነ። ይቅርታ ጠይቄ፣ የሟች ሚስት አንድ ነገር ትጠይቅ አልኳቸው። ኦቦ ያደታ አዴ በቀለችን አዩ፤ እሳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው እሺ አሉ።

ስለ ኮምፒውተሩ ብዙ አላወራሁም። ደረጃውን እንደለካሁ፣ የታችኞቹ ሁለት ፍላይቶች ከፕላኑ ጋር አንድ እንደሆኑ፣ ሦስተኛው እንዳልሆነ፣ ሦስተኛው የተሞላውም ሞቲ ተጂ ለቅሶ ተቀምጦ ሳለ እንደሆነ ብቻ ተናገርኩ። ከዚያ ወደ ሊቤ ዞርኩ።

“ሊቤ፣ ዓባይነህን ለቅሶ አትምጣ ያልከው ለምንድን ነው?”

ጆጉን እንደያዘ ቆመ። ያስታጥባቸው የነበሩት ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ቀሩ። እኔ የጠበቅሁት እንዲቆጣ፣ አበደች እንዲል ነበር፤ ለዚያ መልስም አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን እኔን አላየኝም። አዴ በቀለችን ነው ያየው።

“ሦስተኛው የኔ ነው፣ እናቴ” አላቸው።

የቀረውን ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የተናገረው። ኦቦ ዱባለ ሚክሰርና የቀን ሠራተኛ አስመጥተው ዛሬ ይሞላ አሉት። ሞቲ ጋ ለመደወል ስልኩን አውጥቶ ነበር። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ስለ ሥራ አይጠራም ብሎ መልሶ ኪሱ ከተተው። ሶሌታው ከፍ ሲል የተጨመረውን ቁመት ለሦስተኛው ፍላይት መርገጫዎች አካፈለው። ሲመጣ እነግረዋለሁ፣ ይሰድበኛል፣ አብረን እናፈርሰዋለን ብሎ ነበር። ሞቲ በመጣ ሰዓት ግን እሱ ሚስማር ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ሲመለስ ያገኘው ወድቆ ነው።

“የዓባይነህስ?” አሉ ኦቦ ያደታ።

“እኔ ከቀረሁ ሞቲን ማን ይቀብረዋል ብዬ” አለ ሊቤ።

ይህን አምኜው እንደሆን እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዳንድ ቀን አምነዋለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ያን ያህል ፈጥኖ፣ ያን ያህል ቆርጦ ስልክ የደወለ ሰው ያሰበው ስለ ቀብር ብቻ ነው ብዬ መቀበል ያቅተኛል።

አዴ በቀለች አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፤ በኦሮምኛ ነው የጠየቁት። ሞቲ አልሠራውም? አልሠራውም አላቸው። ነክቶት አያውቅም? አያውቅም። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊቤ ጆጉን መሬት አስቀምጦ፣ ማንም ሳያባርረው፣ ወደ በሩ ኋላ ኋላውን ሄዶ ወጣ። ኦቦ ያደታ ያቺን ቃል ሳይናገሯት ተቀመጡ። ነገሩ ወደ ጉማ እንደሚሄድ፣ ሊቤም ኦቦ ዱባለም በሽማግሌ እንደሚጠሩ፣ ዓባይነህም መጥቶ ለቅሶውን እንዲደርስ መልእክት እንደሚላክበት ተነገረና ሰው ተበተነ።

ዕቃ ሳጣጥብ አዴ በቀለች ጠሩኝ። ደረጃውን ልየው አሉ። የምሠራበትን ላፕቶፕ አምጥቼ ጉልበታቸው ላይ አደረግሁላቸው፤ ከዚህ በፊት ነክተውት አያውቁም። ደረጃውን ቀስ አድርጌ አዞርኩላቸው።

“የልጄ የትኛው ነው?”

አሳየኋቸው። አንደኛውን ፍላይት፣ ማረፊያውን፣ ሁለተኛውን። በጣታቸው ስክሪኑን ሳይነኩ ከላዩ ላይ ከታች እስከ ላይ ተከተሉት። ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

“ከዚህ ወዲያ ያለውን አጥፊው።”

ሦስተኛውን መርጬ ሰረዝኩት። ፕሮግራሙ ወዲያው ማስጠንቀቂያ አወጣ። ምን ይላል አሉኝ፤ ደረጃው ወለሉ ላይ አይደርስም ነው የሚለው አልኳቸው።

“ይበል” አሉ። “ዝጊውና እራት አቅርቢልኝ።”